ፈቃዱ የሊንኩ፣ ጩኸቱ የሳይቱ

በቴሌኮም ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ፍሪኩዌንሲው ፈቃድ ካለው ጣጣው አለቀ የሚል። ክፍያው ተከፍሏል፣ ቻናሉ በድርጅቱ ስም ተመዝግቧል፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማኅተም አርፎበታል፤ እንግዲህ ማን ይነካዋል? ሁለቱ ዲሾች ከተራራ ተራራ ይተያያሉ፣ ትራፊኩም ያልፋል። በዚያው ታወር ላይ ሌላ ድርጅት ዲሽ ቢሰቅል እሱም የራሱ ፈቃድና የራሱ ቻናል አለው። አንዱን ከአንዱ ምን አገናኘው? በአንድ ሳይት ላይ ያሉትን የማይክሮዌቭ ሊንኮች ባንድነት ማቀድ፣ ማን ከየትኛው የባንድ ግማሽ እንደሚልክ አስቀድሞ መወሰን፣ ይህ ሁሉ ከአሮጌ መሐንዲሶች የተወረሰ ልማድ ተደርጎ ይታያል። ፕሮጀክት ሲጣደፍም መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው።

እምነቱ ስህተት ነው። ስህተትነቱም የሚታወቀው ሊንኩ ሥራ ከጀመረ ከወራት በኋላ፣ ማስተካከያው እጅግ ውድ በሆነበት ሰዓት ነው።

የዚህ እምነት ባለቤቶች ግን ዝም ብለው የሚናገሩ አይደሉም። ክርክራቸው አምስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ፈቃድ ማለት ሕጋዊ ጥበቃ ነው፤ ማንም እንደፈለገ ከሚጠቀምበት የዋይፋይ ባንድ የሚለየውም በዚህ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሁለት ሊንኮች ቻናላቸው ከተለያየ የሚረባበሹበት ምክንያት የለም፤ ተቀባዩ የራሱን ቻናል መርጦ እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሦስተኛ፣ የዛሬ ሬዲዮ የትናንቱ አይደለም፤ ሁኔታው ሲበላሽ ሞዱሌሽኑን ራሱ ዝቅ ያደርጋል፣ ኃይሉን ራሱ ይመጥናል። አራተኛ፣ ኢንተርፈረንስን ሶፍትዌር ያሰላዋል፤ ቀይ ካላሳየ ሥጋት የለም። አምስተኛውና ጠንካራው ደግሞ የስፔክትረም ጥበት ነው፤ በአንድ ሳይት ላይ ያለ ሁሉ ከባንዱ አንድ ግማሽ ብቻ ይላክ ማለት ሌላውን ግማሽ ጾም ማሳደር ነው ይላሉ።

አምስቱም ሲሰሙ ደስ ይላሉ። ታወሩ ላይ ሲወጡ ግን አንዱም አይቆምም።

በቅድሚያ ጠቡ ስለ ምን እንደሆነ ይታይ። ከ5925 እስከ 6425 ሜጋኸርዝ ያለው ባንድ ለምሳሌ ይወሰድ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኤፍ.383 በሚባለው ምክረ ሐሳቡ ባንዱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከታች 8፣ ከላይ 8 ቻናል፣ በየ29.65 ሜጋኸርዝ ልዩነት ይደረደራል። ከታች ያለው 1ኛ ቻናል መካከሉ 5945.20 ነው፤ ጥንዱ የሆነው የላይኛው 1ኛ ቻናል 6197.24 ነው። በጥንዶቹ መካከል 252.04 ሜጋኸርዝ አለ። አንድ ሊንክ ሁለቱንም ይጠቀማል፤ ከአንዱ ጫፍ በታችኛው ይላካል፣ ከሌላው ጫፍ በላይኛው ይመለሳል። ከላይኛው ግማሽ የሚልከውን ጫፍ ቴክኒሻኖች "ሃይ" ይሉታል፣ ሌላውን "ሎው"። ሕጉ አጭር ነው፤ በአንድ ሳይት ላይ በአንድ ባንድ የሚሠራ ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ በአንድ ወገን ይሁን። ወይ ሁሉም ሃይ፣ ወይ ሁሉም ሎው።

ለምን? መልሱ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነው። በ6 ጊጋኸርዝ 1 ዋት የሚልክ ሬዲዮ፣ በሁለቱም ጫፍ 1.8 ሜትር ዲሽ፣ በመካከል 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ አየሩ ጥሩ በሆነ ቀን ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው የአንድ ዋት ሁለት ሚሊዮንኛ ክፍል ገደማ ነው። ሌሊት የአየሩ ንብርብር ሞገዱን ሲያጎብጠው ሲግናሉ በ40 ዴሲቤል ሊወርድ ይችላል፤ በአሥር ሺህ እጥፍ አነሰ ማለት ነው። ሊንኩ የሚታቀደውም ይህን ክፉ ሰዓት እንዲያልፍ ነው። አሁን በዚያው ታወር ላይ፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ፣ የሌላ ድርጅት ዲሽ በ1 ዋት ይልካል። ዲሾቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያፈሰው በ70 ዴሲቤል ይቀንሳል እንበል። ይህ ቀላል ቅነሳ አይደለም፤ አሥር ሚሊዮን እጥፍ ነው። እንዲህም ሆኖ ያ ፍሳሽ በክፉው ሰዓት ከሩቅ ከሚመጣው ሲግናል ሁለት ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ከገደል ማዶ የሚጣራን ሰው ለመስማት የሚጥር ሰው አጠገቡ ሌላው ቢጮህበት ምን ይሰማል?

ማዳኛው የባንዱ መከፈል ነው። እያንዳንዱ ሬዲዮ ውስጥ የሚልከውን ከሚቀበለው የሚለይ ፊልተር አለ። ይህ ፊልተር የተሠራው ሬዲዮው የራሱን ጩኸት እንዳይሰማ ነው፤ የራሱ 1 ዋት በዚያው አንቴና፣ በዚያው ቀዳዳ ስለሚወጣ። ጎረቤቱ በተመሳሳይ ግማሽ የሚልክ ከሆነ ይኸው ፊልተር የጎረቤቱንም ጩኸት ያለ ተጨማሪ ወጪ ይዘጋዋል። ጎረቤቱ በተቃራኒው ግማሽ የሚልክ ከሆነ ግን ፊልተሩ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል፤ የሚቀበልበት ግማሽ ነዋ! ፊልተር የመጣው ሞገድ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ፈቃድም አያነብም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ነጥብ ይወድቃል። ፈቃድ ሕጋዊ መብት ይሰጣል፤ ሞገድ ግን በሕግ አይቆምም። ከዚህም በላይ ፈቃድ ማለት ሒሳቡ ተሠርቷል ማለት ነው የሚለው ግምት ራሱ በየአገሩ አይሠራም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሚሠራበት የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ደንብ ክፍል 101 መሠረት፣ ማይክሮዌቭ ሊንክ የሚተክል አመልካች ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት በአካባቢው ያሉ ባለፈቃዶችን ማሳወቅና ከእነሱ ጋር መስማማት አለበት፤ ለመልስ የሚሰጠው የተለመደ ጊዜ 30 ቀን ነው። ሒሳቡን የሚሠራው አመልካቹ እንጂ ኮሚሽኑ አይደለም። ማኅተሙ የሚያርፈው ጎረቤታሞች ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ ነው። በብሪታኒያ ደግሞ ኦፍኮም ራሱ ቻናል ይመድባል፤ ሲመድብም በቅርብ ርቀት ያሉ ሳይቶች ሃይ ይሁኑ ሎው ይመረምራል። ሁለቱ አገሮች መንገዳቸው ለየቅል ነው፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ሊንክ ለብቻው አይታይም።

ፈቃድ አጥር ነው ብሎ ለሚተማመን ሌላም መርዶ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካው ኮሚሽን ከ5925 እስከ 7125 ሜጋኸርዝ ያለውን 1200 ሜጋኸርዝ ፈቃድ ለማይጠይቁ መሣሪያዎች ከፈተ። እዚያው ባንድ ውስጥ የመብራት ኃይል ድርጅቶች፣ የባቡር ኩባንያዎችና የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎቶች ባለፈቃድ ሊንኮች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑን ውሳኔ በዋና ዋና ነጥቦቹ አጸናው። ባለፈቃዶቹን ለመጠበቅ የተዘረጋው መከላከያ ከቤት ውጭ በከፍተኛ ኃይል የሚልክ መሣሪያ ቻናል ከመያዙ በፊት የነባር ሊንኮችን ቦታና አቅጣጫ ከመረጃ ቋት የሚያጣራ ሥርዓት ነው። ልብ ይባል፤ ጥበቃው ራሱ የቆመው በትክክለኛ ቦታና በትክክለኛ ስሌት ላይ እንጂ በማኅተም ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ቻናሉ ይለያል የሚለው፣ ግማሽ እውነት ነው። ተቀባዩ የራሱን ቻናል ይመርጣል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ላኪው የሚልከው በቻናሉ ውስጥ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እያንዳንዱ ላኪ ከቻናሉ ውጭ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ ደካማ ጫጫታ አለው። ይህ ጫጫታ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቢመጣ ማንም አይሰማውም። ከሁለት ሜትር ሲመጣ ግን በተረበሸው ተቀባይ የገዛ ቻናል ላይ ያርፋል። የዚያን ጊዜ የተቀባዩ ፊልተር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያድንም፤ የሚመጣው ረብሻ እንዲሰማ በተፈቀደለት ፍሪኩዌንሲ ላይ ነውና። በፖላራይዜሽን እንለያቸዋለን፣ አንዱ ቁመት ሌላው አግድም ይሁን የሚል መልስም አለ። ያ መለያየት የሚታመነው ዲሹ በቀጥታ በሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ በጎንና በጀርባ በሚፈስሰው ላይ በእሱ መመካት አይቻልም።

የሰሜን አሜሪካ መሐንዲሶች ለዓመታት የሠሩበት ቲኤስቢ-10 የተባለ ሰነድ የሚረበሸው ተቀባይ መነሻ አቅሙ ከ1 ዴሲቤል በላይ እንዳይጎዳ ይላል። ይህ ማለት ረብሻው ከተቀባዩ የራሱ ጫጫታ በ6 ዴሲቤል በታች መሆን አለበት። ባለ 30 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ ይህ ከ1 ዋት ላኪ ጋር ሲነጻጸር 130 ዴሲቤል ያህል ርቀት ነው፤ አሥር ትሪሊዮን እጥፍ። ከላይ እንደታየው ጎን ለጎን መሰቀሉ 70 ሰጠ። የቀረውን 60 ዴሲቤል ማን ይሰጣል? ሁሉም በአንድ ወገን ከላኩ የሬዲዮው ፊልተርና በሁለቱ የባንዱ ግማሾች መካከል ያለው ርቀት። በተቃራኒ ወገን ከላኩ፣ ዕድል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የሚያሳስት ነው። ዘመናዊ ሬዲዮ ራሱን ያስተካክላል ማለት በሽታውን ይደብቃል ማለትም ነው። በ28 ሜጋኸርዝ ቻናል 256 ኳም በሚባለው ሞዱሌሽን ወደ 180 ሜጋቢት በሰከንድ ያልፋል፤ ወደ ኪውፒኤስኬ ሲወርድ ወደ 40 ገደማ ይቀራል። ሊንኩ አልወደቀም፤ አላርም አልጮኸም፤ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ነው። ከሳይቱ ጀርባ ያለው ከተማ ግን ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። አቤቱታው ሲበዛ ጥፋቱ በዝናብ ይላከካል፤ ዝናብ ባይኖር በትራፊክ ብዛት፣ ትራፊኩ ሲቀንስ በመሣሪያው እርጅና። ድሮ በነበረው ቋሚ ሞዱሌሽን ሊንኩ ይቋረጥና ችግሩ በዚያው ሌሊት ይታወቅ ነበር።

እውነቱን ማወቂያው መንገድ ግን ቀላል ነው። ከማዶ ያለው ላኪ ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋል። ከዚያ በዚህ በኩል ተቀባዩ የሚያነበው የሲግናል መጠን ይታያል። ማንም የማይልክ ከሆነ ንባቡ እስከ ጫጫታው ወለል፣ ከኔጌቲቭ 90 ዲቢኤም በታች መውረድ አለበት። በዚያ ፋንታ ኔጌቲቭ 75 ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ ቻናሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ከዚያ በታወሩ ላይ ያሉ ላኪዎች ተራ በተራ ሲዘጉ ንባቡ የሚወርድበት ቅጽበት ባለቤቱን ይናገራል። ችግሩ ይህን ለማድረግ የጎረቤቱ ድርጅት ፈቃደኝነት፣ የሌሊት የጥገና ሰዓትና የሁለት ድርጅት ቴክኒሻኖች መገኘት ያስፈልጋል። በዕቅድ ጊዜ በአንድ ስልክ ይጨረስ የነበረ ነገር ነው።

ሶፍትዌሩስ? ሶፍትዌር የሚያሰላው በአንቴናው አምራች በታተመ የጨረር ሥዕል ነው። ያ ሥዕል ደግሞ የሚሠራው ከአንቴናው በቂ ርቀት ላይ ነው። ለ1.8 ሜትር ዲሽ በ6 ጊጋኸርዝ በቂ ርቀት የሚጀምረው 130 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ታወር ላይ የተሰቀሉ ሁለት ዲሾች ከ130 ሜትር ባነሰ እንደሚቀራረቡ ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። እንግዲህ ሶፍትዌሩ ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ ሥዕሉ በማይሠራበት ቦታ የተነበበ መልስ ነው። የታወሩ ብረት፣ መሰላሉ፣ ኬብሉ፣ ከታች ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን እየመለሱ የሚያመጡት ረብሻ ደግሞ በስሌቱ ውስጥ የለም። ቀይ አላሳየም ማለት ሥጋት የለም ማለት ሳይሆን ሶፍትዌሩ አላየም ማለት ነው።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ ግማሹ ባንድ ባከነ የሚለው። ይህ ክርክር ኃይለኛ የሚመስለው ጥንዱን ስለሚረሳ ነው። እያንዳንዱ ሊንክ ከላይም ከታችም አንዳንድ ቻናል ይይዛል። ሳይቱ ሃይ ሲሆን በስምንቱ የላይኛ ቻናሎች ይልካል፣ በስምንቱ የታችኛ ይቀበላል። ስምንት ጥንድ ነበረ፤ ስምንት ጥንድ አለ። ምን ባከነ? የሚያባክነውስ ሕጉን መጣስ ነው። በአንድ ሳይት አንዱ ሃይ ሌላው ሎው ሲሆን አንዱ በሚቀበልበት አካባቢ ሌላው ስለሚልክ፣ ሁለቱም በዙሪያቸው ያሉ ቻናሎችን ለመጠበቂያ ባዶ መተው ግድ ይሆንባቸዋል። ሕጉን የሚጥሰው ድርጅት ዛሬ አንድ ቻናል ያተርፋል፤ ነገ ግን ሳይቱ ላይ የሚመጣ ሁሉ ብዙ ያጣል።

ሕጉ በእውነት የሚያጠበው አንድ ነገር ነው፤ የኔትወርኩን ቅርጽ። ሦስት ሳይቶች ቀለበት ይሠራሉ እንበል፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። ሀ ሃይ ከሆነ ለ ሎው መሆን አለበት። ለ ሎው ከሆነ ሐ ሃይ ይሆናል። ከሐ ወደ ሀ የሚመለሰው ሊንክስ? ሁለቱም ሃይ ናቸው፤ ሃይ ከሃይ ጋር አይነጋገርም። የሳይቶቹ ቁጥር ጎዶሎ የሆነ ቀለበት ሁሉ በአንድ ባንድ ብቻ ከተሠራ ቢያንስ በአንድ ሳይት ላይ ሕጉ ይጣሳል፤ በየትኛውም ድርድር አይፈታም። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ከቀለበቱ አንዱን እግር በሌላ ባንድ ማድረግ፣ ወይም አንድ ሳይት ጨምሮ ቁጥሩን ሙሉ ማድረግ። ሁለቱም በወረቀት ላይ ሳሉ ርካሽ ናቸው። ከተተከለ በኋላ ግን የአንድን ሳይት ወገን መለወጥ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት መለወጥ ነው። ታወሩ ላይ የሚሰቀሉት የሃይና የሎው ሬዲዮዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ተለይተው የሚመጡ ዕቃዎች ስለሆኑ፣ ለውጡ በኮምፒውተር ቁልፍ አያልቅም፤ ታወር ላይ ወጥቶ መንቀልና መትከል ይጠይቃል።

የአሮጌ መሐንዲሶች ልማድ ነው ስለሚባለውም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ1951 ከኒውዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ በ107 ታወሮች የተዘረጋው የኤቲ ኤንድ ቲ ማይክሮዌቭ መስመር በቫኩም ቱቦ ነበር የሚሠራው። ያኔም በአንድ ጣቢያ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚላከው በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ከሁለቱም የሚቀበለው በሌላ ነበር። ታወሮቹም ቀጥ ብለው አልተደረደሩም፤ የአንዱ ጨረር ከታሰበለት ታወር አልፎ ተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ የሚጠቀመውን ቀጣይ ታወር እንዳይመታ ወዲያና ወዲህ እየተዛነፉ ተተከሉ። መሣሪያው ከቱቦ ወደ ቺፕ ተለውጧል። ቦታው፣ ርቀቱ፣ አቅጣጫው ግን እንደነበረ ነው። የረብሻው ምንጭም እነዚህ ናቸው።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከመቋቋሙ በፊት ታወሩም ሊንኩም የአንድ ድርጅት ነበር፤ ሃይና ሎውን የሚወስነው አንድ ክፍል ስለነበረ ጠቡ ቢኖርም በአንድ ቤት ውስጥ ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን የኢትዮ ቴሌኮምን ታወሮች በኪራይ ይጋራል። የታወር መጋራት ብልህ ፖሊሲ ነው፤ ብረት ያድናል፣ መሬት ያድናል፣ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን የመጋራት ውል የሚነጋገረው ስለ ቁመት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ መብራትና ስለ ኪራይ ብቻ ከሆነ ከሁሉ የሚያጣላው ነገር ተረስቷል። ሁለት ድርጅት ለየብቻው ያወጣው ዕቅድ ለየብቻው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ታወር ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ሃይ ሌላው ሎው ሆነው ቢገኙ ማን ይሸነፋል? ቀድሞ የመጣው? ብዙ የከፈለው? ጥያቄው ከመነሳቱ በፊት መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሕጉ የሚላላበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ሰፊ ጣሪያ ላይ በሁለት ጫፍ የተራራቁ፣ በመካከላቸው ሕንፃ የጋረዳቸው አንቴናዎች ሊቻቻሉ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ልዩነት ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በልኬት ተረጋግጦ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ጎረቤቱ ፈርሞበት የሚሰጥ ነው እንጂ ማንም አይቶ ስላልተናገረ የሚጸድቅ አይደለም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ሃይነትና ሎውነት የሳይቱ ባሕርይ ነው እንጂ የድርጅቱ ምርጫ አይደለም። እያንዳንዱ የጋራ ሳይት በየባንዱ ወገኑ በመዝገብ ይስፈር፤ መዝገቡ ለሁሉም ባለፈቃድ ክፍት ይሁን፤ ቀድሞ የተተከለው የሳይቱን ወገን ይወስን፤ አዲስ መጪው ይከተል፤ መከተል ካልቻለ ባንድ ይቀይር። ታወር የሚያከራየው ወገን ከክብደት ሒሳቡ ጎን የፍሪኩዌንሲ ሒሳቡን ሳያይ ውል አይፈርም። ተቆጣጣሪው ሊንክን ለብቻው አይፍቀድ፤ ሊንኩ ከሚቆምበት ሳይት ጋር፣ ሳይቱ ላይ ካሉት ሁሉ ጋር አንድ ላይ ይየው። ይህን ሥራ አሮጌ ልማድ ነው ብሎ የዘለለ ድርጅት ገንዘብ አላዳነም፤ ወጪውን ወደ ጥገና ሌሊትና ወደ ደንበኛው ስልክ አዛወረው እንጂ።